ከመስታወት ቤት የጠፋችው ብቸኛዋ

ኢንስፔክተሩ የመስታወት ቤቱን በር ገፍቶ ሲገባ መነጽሩ ጉም ለበሰና ለአፍታ ምንም አላየም። የሰማው የጠብታ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከጣሪያው መስታወት ወደ ሰፋፊ ቅጠሎች፣ ከቅጠሎቹ ወደ መሬት። ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነው። የከተማው ጩኸትና የጠዋቱ ብርድ ከበሩ ኋላ ቀርተው፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ዓይኑን የገለጠ ሰው የሆነ መሰለው። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ ሲያደርግ ከክፍሉ መሀል በድንጋይ የታጠረች ክብ መደብ አየ። መደቧ ባዶ ነበረች።

በአንድ ወገን የዕፅዋት መናፈሻው ዳይሬክተር እጁን እያፍተለተለ ቆሟል። በሌላው ወገን ፀጉሩ የሸበተ ሠራተኛ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ያወራው ሰው እንደ ሞተበት ነው። መደቧ ላይ አርባ ዓመት የኖረች አንዲት ቁጥቋጦ ነበረች። የላቲን ስሟ ምላስ ስለሚያስር ሠራተኛው ሁሉ «ብቸኛዋ» ይላታል፤ በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ ሌላ አይታወቅምና። ከሩቅ ተራራ ያመጧት አሁን ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ናቸው። ተራራው ኋላ ታርሶ ደኑ አለቀ፤ የቀረችው እሷ ብቻ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብባ አታውቅም። ዘንድሮ ግን እምቡጥ ያዘች። ዓርብ ረፋዱ ላይ ትፈካለች ተብሎ እንግዳ ተጠርቷል፣ ወንበር ታዟል። ትናንት ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲቆለፍ ነበረች። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ሲከፈት የለችም።

ጉዳዩ ጣቢያ ሲደርስ ባልደረቦቹ ተሳስቀው ነበር። የቅጠል ሌባ ለማንም አይሆንም፣ ለ«ቀስ በቀስ» ይሰጥ አሉ። ቀስ በቀስ የሚሉት እሱን ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፤ ዕንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ቆሞ የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነው ይሉታል። አዛዡ ግን አልሳቀም። ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ ከበላይ እንደተደወለለት ነገረው። ዓርብ ከቀትር በፊት ተከሳሽ መቅረብ አለበት።

ኢንስፔክተሩ መደቧ አጠገብ ተንበረከከ። ጉድጓዱ ተመልሶ ተሞልቷል፤ አፈሩ በመዳፍ ተጠቅጥቆ ተስተካክሏል። አጠገቧ የነበሩት ትንንሽ ተክሎች ሥራቸው እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ለብሰዋል። ስሟ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ በቦታው ቆሟል። ውጭ መንገዱ ላይ የእጅ ጋሪ ያለፈበት ዱካ አለ፤ ግን ዝናብ አጥቦት ደብዝዟል። ዝናቡ ያባራው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ሌባው ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ባለው ጊዜ ሠርቶ ሄዷል ማለት ነው።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በዳይሬክተሩ መሳቢያ፣ አንዱ በተንከባካቢው ኪስ። ዳይሬክተሩ በዚያ ሰዓት የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበር። ፎቶውንም በስልኩ አሳየ፤ ከሙሽራው ይልቅ እሱ ጎልቶ ይታያል።

የቀረው ቆቡን የያዘው ተንከባካቢ ነው። ሰዉ ጋሽ ጠብታ ይለዋል፤ ውኃ ሲያጠጣ እንደ ሌላው አያፈስም፣ ያንጠባጥባል። ብቸኛዋን ሃያ ሁለት ዓመት ያጠጣው እሱ ነው። ማታ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ከመናፈሻው ጀርባ ባለችው ቤቱ ከሚስቱ ጋር ነበርኩ አለ፤ ሌላ ያየው ሰው የለም። ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን ትቶ፣ ጉድጓዱን እንደ ባለሙያ እንዲያይለት ለመነው።

ጋሽ ጠብታ ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በጣቱ ፈተነ። «የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣት። ሥሯን አልቆረጠም፤ ዙሪያዋን ቆፍሮ ከነአፈሯ ነው ያነሳት።»

«ይህን የሚችል እዚህ ስንት ሰው አለ?»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሌሎቹ ይቸኩላሉ።»

ቃሉ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከሰዓት በኋላ አዛዡ አነበበውና ጋሽ ጠብታ እንዲታሰር አዘዘ።

*

የጋሽ ጠብታ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ከአጥሩ ጋር ተደግፋ፣ በመስኮቷ በኩል የመስታወት ቤቱ ጣሪያ ይታያል። ሚስቱ ልብስ አጥባ ስታሰጣ ኢንስፔክተሩ ደረሰ። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበር ሰጠችው። አላለቀሰችም። ለባሏ ሹራብ አዘጋጅታ ቋጥራለች፤ እስር ቤቱ ይበርዳል ወይ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችለት። ቤቱ የሠራተኛ ቤት ነው። ዓርብ ባሏ ከተከሰሰ ከሥራው ይታገዳል፣ ከታገደ ደግሞ ቤቱን ይለቃሉ። የሚሄዱበት የለም።

«እሱ እኮ ጎረቤት ማንኪያ ወስዶብን ሲያስቀር፣ ‘ምናልባት ወዶት ይሆናል’ ብሎ ዝም ያለ ሰው ነው» አለች። «ይህን ሰው ሌባ አላችሁት።»

ኢንስፔክተሩ ዝም አለ። ዝም ሲል ሰው እንደሚያወራ ያውቃል። ሴትየዋም አወራች። በዚህ ዓመት ባሏ ሳንባው ታምሞ አንድ ወር ሙሉ ተኝቶ ነበር። ተተኪው ማጠጣቱን ረሳ። ባሏ ሲመለስ ብቸኛዋ ጠውልጋ አገኛትና እዚያው ቁጭ ብሎ አነባ። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ እምቡጥ ያዘች። ሰው ሁሉ ሲደሰት እሱ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቃት ሰው ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ይቆም ነበር።

ከትራሱ ሥር አንድ ደብተር አውጥታ ሰጠችው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ በእርሳስ የተሣለ እምቡጥ አለ፤ ቀኑ፣ ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ከጎኑም እንደ ኳስ ስፌት ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ መስመሮች። ገጹን ቶሎ ቶሎ ሲገልጠው እምቡጡ ዓይኑ ሥር ያብጥ ጀመር፣ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ነገር። በመጨረሻዎቹ ገጾች ሥር «ስፌት ስድስት» የሚል ተጽፎ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ተደርጓል።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር» አለች ሴትየዋ ደብተሩን እያየች፣ «እኔን አንድ ቀን ሥሎኝ አያውቅም።»

*

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ወደ አንድ የጥርስ ሐኪም ሄደ። ሰውየው ብርቅ ተክል መሰብሰብ የሚወድ ነው፤ ከብቸኛዋ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ እንዲሰጡት ዳይሬክተሩን ለዓመታት ሲለማመጥ ኖሯል። ሰኞ ዕለትም በሩ እስኪዘጋ መስታወት ቤቱ ውስጥ ሲዞር ዘበኛ አይቶታል። ክሊኒኩ ጫካ ነው። ታካሚዎቹ ጉንጫቸውን ይዘው በቅጠል መሀል ተቀምጠዋል፤ መንገድ እንደጠፋባቸው ሰዎች።

የመኪናው ኋላ ሲከፈት እርጥብ አፈር ተገኘ። ሐኪሙ ፊቱ ነጣ። ኢንስፔክተሩ አፈሩን በጣቱ መካከል እያሸ ቆየ። ሐኪሙ አልቻለም፤ ሁሉንም አፈረጠው። አዎ፣ ሰርቋል። ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያድገው ተክል ሁለት ቅጠል ቀንጥሶ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ወጥቷል። እዚያው መኪናው ኋላ በጣሳ ሊተክላቸው ሲሞክር ነው አፈሩ የፈሰሰው። ጣሳውን አምጥቶ በሁለት እጁ አቀረበ። ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች አፈር ውስጥ ተሰክተዋል።

ኢንስፔክተሩ ሰኞ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት የት እንደነበረ ጠየቀው።

«እዚሁ። አንድ እምቢተኛ መንጋጋ ስነቅል» አለ ሐኪሙ፤ ለመናገር እያፈረ። «የአዛዣችሁን።»

አዛዡ ማክሰኞ ያልሳቀበት ምክንያት ይህ ነበር ለካ። ኢንስፔክተሩ ጣሳውን ወደ መናፈሻው እንዲመልስ አዝዞት ወጣ። መንገድ ላይ እየሄደ ሐሳቡ የተጣበቀው ሌላ ነገር ላይ ነበር። የሚሸጥ ወይም የሚመካ ሌባ፣ ስሟና ቁጥሯ ያለበትን ሰሌዳ ለምን ትቶ ይሄዳል? ያለ ሰሌዳዋ ብቸኛዋ ለማንም ተራ ቁጥቋጦ ነች።

*

የደረቁ ዕፅዋት ክፍል የመስታወት ቤቱ ተቃራኒ ነው። እዚያ ሁሉም ይንጠባጠባል፣ እዚህ ሁሉም ደርቋል። እስከ ጣሪያ በሚደርሱ የብረት ቁም ሳጥኖች ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት የፈኩ አበቦች ወረቀት ላይ ተጣብቀው ተኝተዋል። አሮጌ መጽሐፍና የድርቆሽ ሽታ አለ። ኢንስፔክተሩ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የክፍሉ ኃላፊ የፕሮፌሰሩ ልጅ ነች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ስትናገር ቃሉን ከማውጣቷ በፊት የምትመዝነው ትመስላለች። ኢንስፔክተሩ የመጣው ብቸኛዋ ብታብብ ኖሮ ምን እንደምትመስል ለማወቅ ነበር። አበባዋን በሕይወት ያየ አባቷ ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ ያኔ ከተራራው ላይ አንድ ያበበ ቅርንጫፍ ቆርጠው አድርቀዋል። እሱም የተጣበቀው አንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሳታመነታ አንድ ቁም ሳጥን ከፍታ አንድ አቃፊ አወጣች።

አቃፊው ባዶ ነበር። በወረቀቱ ቦታ አንዲት ጣት የምታክል ቁራጭ ወረቀት ተቀምጣለች፤ የእሑድ ቀን በእርሳስ ተጽፎባታል። ፊርማ የለም።

ሴትየዋ ቁራጯን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። ቆይታ፣ ሌባው ይህንንም ወስዶታል ማለት ነው አለች። ኢንስፔክተሩ ቁራጯ ምን እንደሆነች ጠየቀ። የአባቷ ደንብ እንደሆነ ተናገረች፤ ከዚህ ክፍል አንድ ወረቀት ከቦታው ከተነሳ፣ እስኪመለስ ድረስ ቁራጭ ወረቀት ቦታውን ይጠብቃል። ቀን ይጻፍበታል። እዚህ የሠራ ሰው እጁ ከለመደ አእምሮው ሳያዝዘው ያደርገዋል።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ባዶውን አቃፊ ዘጋችው። ይህ ልማድ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ አባቷ፣ እና ወልዳ ሦስት ወር ያልመጣች ረዳት። ሰኞ ማታ የት እንደነበረች ሲጠይቃት ከአባቷ ጋር እንደምትኖርና ማታ መጽሐፍ ስታነብላቸው እንደነበረች ነገረችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ስለ ስርቆቱ አልሰሙም። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪም ድንጋጤ ከልክሏል። ሊያናግራቸው ከሆነ እባክህ ይህን አትንገራቸው አለችው። ልመናዋ እውነተኛ ነበር። ያስጨነቀውም ይኸው ነው።

*

ፕሮፌሰሩ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ከግቢው ዛፍ የሚወርደው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይዋኛል። ኢንስፔክተሩ ለዓርቡ ዝግጅት የጥበቃ ሰው ነኝ አላቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ሙሉ ልብሳቸው ተተኩሶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

አበባዋ ምን ትመስል እንደነበር ጠየቃቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሩት። ነጭ ነች፤ አምስት የአበባ ቅጠል አላት፣ አምስቱም ጫፋቸው ወደ ውስጥ ጠቀስ ያለ። ሽታዋ ዝናብ የነካው ድንጋይ ነው። ያየኋት ጭጋግ ውስጥ ነው አሉ፤ እጄን ስዘረጋ ጭጋጉም አበባውም አንድ ላይ የሚበተን መስሎኝ ነበር። ሲያወሩ ኢንስፔክተሩ ተራራው ላይ አብሯቸው የቆመ ያህል ብርድ ተሰማው፤ የመጣበትን ለመርሳት ምንም አልቀረውም።

«ዓርብን ነው የምጠብቀው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ከዓርብ በኋላ እንቅልፌ ጥሩ ይሆናል።»

ልጅዎ ማታ ማታ ታነብልዎታለች አይደል አላቸው። ታነባለች እንጂ አሉ፤ እኔ ግን አንድ ሰዓት ላይ ክኒኔን እውጥና ከዚያ በኋላ ዓለም ብትገለበጥ አልሰማም። ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲነሳ ከበሩ ጎን ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ ቁልፎች አየ። አንደኛው ትልቅ፣ አሮጌ የብረት ቁልፍ ነው። የምን እንደሆነ ጠየቀ።

«የመስታወት ቤቱ ነዋ» አሉ እየሳቁ። «ጡረታ ስወጣ መልስ ያለኝ የለም።»

*

ማታውኑ ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ይዞ ጋሽ ጠብታ የታሰረበት ክፍል ገባ። ሰውየው የሚስቱን ሹራብ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ኢንስፔክተሩ የመጨረሻውን ገጽ ከፍቶ ስፌት የሚለው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

እምቡጥ የሚፈካው በስፌቱ ነው አለ ጋሽ ጠብታ። ስንት ስፌት ካለው ያን ያህል ቅጠል ይዘረጋል። ተክል መቁጠር አይሳሳትም።

«ፕሮፌሰሩ አበባዋ አምስት ቅጠል አላት ይላሉ።»

«አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ የቆጠሩት ስድስት ነው።»

ጋሽ ጠብታ የሹራቡን እጅጌ ወደ ታች ሳበ። በየቀኑ እየሄደ ይቆጥር እንደነበር፣ በየቀኑ ስድስት ይሆንበት እንደነበር ቀስ እያለ ተናገረ። ይህን ለማን ይናገራል? ፕሮፌሰር ተሳስተዋል ብሎ ለዳይሬክተሩ? ዓይኔ ነው የደከመው ብሎ ተወው። እዚህ ከገባም በኋላ አስቦበታል። ቢናገር እሱ ይፈታ እንደሁ አላወቀም፤ የሽማግሌው ስም እንደሚወድቅ ግን አውቋል።

«ቤትዎን እኮ ሊያጡ ነው ጋሼ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ጠብታ። «እሳቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ስም ከየት ያመጣሉ?»

*

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ በደረቁ ዕፅዋት ክፍል መስኮት ገብታ አየር ላይ የተንሳፈፈውን አቧራ ታበራለች። ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ሴትየዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሴትየዋ አልከፈተችውም። ስለ ምስማሩ ቁልፍ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ቁራጯ ወረቀት ሊጠይቃት ይችል ነበር። አልጠየቀም። ሌሊቱን ሙሉ ያብሰለሰለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«ሰሌዳውን ለምን ተዉት?»

አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ሕይወቷን ሙሉ ለእያንዳንዱ ቅጠል ትክክለኛ ስሙን ስትፈልግ የኖረች ሴት ነች፤ መዋሸት የምትችልበት ነገር ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ግን አልቻለችም።

«የእሷ አይደለማ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። እምቡጡን ባለፈው ሳምንት ነው ያየችው፤ ቆጠረች፣ መጥታ ከደረቀው ቅርንጫፍ ጋር አስተያየች። ብቸኛዋ ብቸኛ አይደለችም። ከመናፈሻው ጀርባ በቦዩ ዳር በራሷ የምትበቅል፣ ሰው ረግጧት የሚያልፍ ተራ ቁጥቋጦ ነች። ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል አባቷ ያን ጊዜ ሲያመጧት አምታተዋል፣ የአንዷን ሰሌዳ ለሌላዋ ሰጥተዋል ብላ አሰበች። ዓርብ በእንግዳ ፊት ቢጫ አበባ ስትዘረጋ የአባቷ የዕድሜ ልክ ሥራ መሳቂያ ይሆናል፤ ልባቸውም አይችለውም። እሑድ የደረቀውን ወረቀት ወሰደች። ሰኞ አባቷ ሲተኙ በዝናቡ ወጥታ ብቸኛዋን በጋሪ ገፍታ ቦዩ ዳር ከመሰሎቿ መካከል ተከለቻት። ልትገድላት አልቻለችም። ወረቀቱንም አላቃጠለችውም፤ ከአልጋዋ ፍራሽ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ።

«ጋሽ ጠብታስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። ማስረጃ ስለሌለ በማግሥቱ የሚለቁት መስሏት ነበር። ከዚያ ደግሞ በማግሥቱ። ትናንትም ዛሬም ሄዳ ልትናገር ተነሥታ ነበር፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የአባቷን የተተኮሰ ልብስ ስታይ ግን ተመልሳ ትቀመጣለች። ጥርግ አድርጋ የጨረሰችውን መነጽር እንደገና ጠረገችው።

«ዛሬ ለአባትዎ ይነግራሉ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሐኪማቸው ባለበት። ከእኔ ከሚሰሙት ከእርስዎ ይሻላል። እኔ የማላደርገው ጋሽ ጠብታን ሌላ ሌሊት እስር ቤት ማሳደር ነው።»

*

የአባቷ የልብ ሐኪም ከጓዳ ተቀምጦ፣ ልጅቱ በረንዳው ወለል ላይ አባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። ኢንስፔክተሩ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ የሽማግሌውን እጅ ያይ ነበር። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ።

«ተሳስተሃል አባዬ» ብላ ጨረሰች። «ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን እንድታውቅ አልፈለግኩም።»

ፕሮፌሰሩ ፀጉሯን ዳበሷት። «አልተሳሳትኩም» አሉ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«የተራራዋ በመጣች በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ብርድ ነበር፤ ማሞቂያውን ማብራት የኔ ተራ ነበር፣ ረሳሁ። ጠዋት ስገባ ጠቁራለች። ያን ዕለት ከቦዩ ዳር ቅጠሏ የሚመስል ነቅዬ በቦታዋ ተከልኩ። ለአንድ ክረምት ብዬ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ላመጣ ስሄድ ተራራው ታርሷል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ዛሬ፣ ነገ ስል ሰው ሊያያት መምጣት ጀመረ። ዝምታም ሥር ይሰዳል ልጄ። ሲቆይ ቢነቅሉት ግድግዳውን ይዞ ይወድቃል።»

የቦዩ ዳር ቁጥቋጦ ምቾት ሲያገኝ እንደማያብብ ያውቁ እንደነበር ተናገሩ። ውኃ ሲያጣ፣ ሲቸገር ነው የሚያብበው። ጋሽ ጠብታ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ በጠብታ ሲያጠጣት፣ ባያውቅም ምስጢራቸውን ጠብቆላቸው ኖሯል። እሱ ታሞ እምቡጥ ስትይዝ መጀመሪያ ፈሩ። ከዚያ ግን ደስ አላቸው። ከተሰቀለው ኮት ኪስ የታጠፈ ወረቀት እንድታወጣ ልጃቸውን ጠቆሟት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ ቀኑ ሦስት ሳምንት ያለፈው ነው። ዓርብ አበባዋ ስትፈካ፣ ሰው ሁሉ እያያት ሊያነቡት።

«አፌን ነው የሰረቅሽኝ» አሏት፤ ግን ሲሉት ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ልጅቱ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። ኢንስፔክተሩ ያኔ በዚህ ጉዳይ የታሰረው ጋሽ ጠብታ እንደሆነ ነገራቸው። ፕሮፌሰሩ ሰምተው ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጡ። ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ገፉና ጫማዬን አምጡልኝ አሉ።

*

ጋሽ ጠብታ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ልጅቱ ቃሏን ሰጥታ ፈረመች፤ ከሥራዋ ታግዳ ውሳኔ ትጠብቃለች። ዓርብ ረፋዱ ላይ እንግዶቹ መጡ፤ መስታወት ቤቱ ውስጥ ከባዶዋ መደብ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፕሮፌሰሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመው ወረቀታቸውን እስከ መጨረሻው አነበቡ። መሀል ላይ የሄዱ አሉ። ዳይሬክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የጥርስ ሐኪሙ፣ ማን እንደጠራው ባይታወቅም፣ አለቀሰ። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ወረቀቱን እያረጠበው ቀለሙ ሲፈስ ሽማግሌው በቃላቸው ቀጠሉ። ሲጨርሱ ወደ ጋሽ ጠብታ ዞረው፣ በሁሉም ፊት፣ ይቅርታ አድርግልኝ አሉት።

ጋሽ ጠብታ ቀረባቸው። እጃቸውን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ወጣ። ኢንስፔክተሩ ተከተለው። ሰውየው የእጅ ጋሪውንና አካፋውን ይዞ በጀርባው በር ወደ ቦዩ ወረደ። ልጅቱም መጣች፤ ቦታውን ማሳየት ነበረባት።

ቦዩ ዳር ዓይን እስኪያታክት ቢጫ ሆኗል። ሁሉም አብበዋል፤ መቶ ይሆናሉ፣ ከመቶም ይበልጣሉ። ልጅቱ ልትጠቁም እጇን ስታነሳ ጋሽ ጠብታ ቀድሟት ሄዶ ከአንዷ ፊት ቆመ። ያቺው ነች። ከሌሎቹ ትንሽ ታንሳለች። እምቡጧ ተከፍቷል፤ ስድስት ቅጠል። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ወደ ግንዷ ሰደደ፤ ከዓመታት በፊት ራሱ የቆረጠው ቅርንጫፍ ጠባሳ እዚያው አለ። ቅጠሎቿን አንድ በአንድ ገልብጦ አያቸው። አፈሩን ነካው፤ ደረቅ ነበር።

ከአጠገቧ ካለችው አበባ አንዲት ንብ ተነስታ መጣችና ውስጧ ገባች።

ኢንስፔክተሩ አካፋውን አቀበለው። ጋሽ ጠብታ አልተቀበለውም።

«አርባ ዓመት ሙሉ የሰረቅናት እኛ ነን» አለ። «አሁንም ብነቅላት ያኔ በእውነት ሌባ እሆናለሁ።»

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ፤ ባዶውን ጋሪ አዙሮም ዳገቱን ወጣ።